ጥበብና ድሪቶ

አማርኛ ለጨርቅ ሁለት የማይታረቁ ቃላት አሉት። አንዱ «ጥበብ» ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም የሚሸመነውን ጌጥም፣ የሠዓሊውን ሥራም፣ የሰለሞንን ማስተዋልም በዚሁ በአንድ ቃል እንጠራለን። ሁለተኛው «ድሪቶ» ነው። ከዚህም ከዚያም በተለቀመ ቁራጭ እየተጣፈ የተደረተ የድኻ ልብስ። ድሪቶ ለባሽ መባል ስድብ ነው። የተማሪ ጽሑፍ እንኳ ከየቦታው ተቃርሞ ሲገጣጠም «ደርተህ አመጣህ» ይባላል (ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይቺን አባባል በደንብ እናውቃታለን!)።

ፈረንጆቹም ድሪቶ አላቸው፤ «ኩዊልት» ይሉታል። ቁርጥራጭ ጨርቅ አገጣጥሞ፣ ደራርቦ በመስፋት የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጂስ ቤንድ በምትባል የአላባማ መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች፣ የባሪያ ልጅ ልጆች፣ ካለቀ የሥራ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ሲያለብሱት የኖሩት ብርድ ልብስ በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ተቺዎቹም ከዘመናዊ ሥዕል ጋር እያነጻጸሩ አደነቁት። ለመሆኑ የእኛስ ድሪቶ ግድግዳ ላይ የወጣው መቼ ነው?

መልሱ መርካቶን ሳይረግጥ አይገኝም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ ሻንጣውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ገበያው ሲዘልቅ የሚገባበት ቦታ ራሱ የተደረተ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደዚህ ሲያመጣው፣ ሐሳቡ ነጩንና ጥቁሩን መለያየት ነበር። ገበያተኛው ግን ቦታውን በተራ በተራ ሸንሽኖ የራሱ አደረገው። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ።

ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እና «ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ሰዎች ከየቤታችን የሚወስዱት አሮጌ ነገር ዞሮ ዞሮ መርካቶ ይደርሳል። እዚያ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል። ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም፤ ገዢውን ገና ያላገኘ ዕቃ ነው ያለው።

ከነዚህ ገዢዎች አንዱ ሠዓሊ ነው፤ ኤልያስ ስሜ። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ልብስ መስፋት፣ መጥለፍና የቤት ዕቃ መጠገን በራሱ ተለማመደ። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ግን ብሩሹን ትቶ መርፌ አነሳ። ሸራ ላይ ክር በክር እየደረደረ፣ አዝራር በአዝራር እየተከለ መስፋት ጀመረ።

እስቲ ሥራውን እናስበው። ትልቅ ሸራ አለ። ቀለም ቢሆን ሰፊ ብሩሽ አንድ ጊዜ ይጠርገዋል። ክር ግን አይቸኩልም። መርፌው ከፊት ገብቶ በጀርባ ይወጣል፣ ከጀርባ ተመልሶ በፊት ብቅ ይላል። አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ ለመሙላት በመቶ የሚቆጠር ምልልስ ሊፈጅ ይችላል። ከሩቅ ሥዕል የመሰለው ነገር ሲቀርቡት የጉልበት መዝገብ ነው። ይኼን ጉልበት ደግሞ እናውቀዋለን። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እናቶቻችን ለሶፋው ዳንቴል ሲሠሩ፣ ትራስ ሲጠልፉ ያደግን ልጆች ነን። ያንን ሥራ «የእጅ ሥራ» እንጂ «ጥበብ» ያለው ሰው አልነበረም። የቤት ውስጥ፣ የሴት ነበረና! አንድ ወንድ ሠዓሊ መርፌ ይዞ ሲቀመጥ ነው ዓለም ዞር ብሎ ያየው። ይኼ የኤልያስ ጥፋት አይደለም፤ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

በአገራችን ጨርቁን የጣለ ሰው እብድ ይባላል። ጨርቅና አዝራር ለቃሚውስ? ሥራው ከአገር ውጭ ቀድሞ ስም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያው የሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም «የመርፌ ዐይን፣ የልብ ዐይን» የተባለ ትልቅ ትርኢት ቀረበለት። ካዘጋጆቹ አንዷ መስከረም አሰግድ ነበረች። በአንትሮፖሎጂ ሙያዋና በትርኢት አዘጋጅነቷ የምትታወቀው መስከረም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤልያስ ጋር ዞማ የሥነ ጥበብ ማዕከልን መሥርታለች። ዞማ እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ሄዳችሁ ብታዩት ግድግዳውም እንደ ጥልፍ የተሠራ ይመስላችኋል።

ከጊዜ በኋላ ክሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አዝራሩ ወደ ኮምፒውተር ቁልፍ ተቀየረ። ኤልያስ ያረጁ ማሽኖችን ሆድ ዕቃ ከመርካቶ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ በእንጨት ገበታ ላይ ይተክለዋል። ከዚያ ገበታዎቹን ጎን ለጎን ገጥሞ አንድ ግዙፍ ሥራ ያወጣል። ቁራጭ ከቁራጭ መግጠም፤ ከድሪቶ የሚለየው ምኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢናሌ ዋናው ትርኢት ላይ ታየ። በ2024 እዚያው ቬኒስ ያቀረበው ትርኢት ደግሞ ርእሱ ላይ «ፊትና ጀርባ» የሚል አማርኛ ነበረበት። መርፌ ይዞ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ትልቅ የክር ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የቤተ ክርስቲያን መቅደስ የሚጋርዱ የሐር መጋረጃዎች ተሸምነዋል። ከሰው ቁመት በብዙ የሚረዝሙ፣ ምስል በሽመናው ውስጥ የገባባቸው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ገበታዎችን በማዞር የተሠሩ ናቸው። የሸማኔዎቹን ስም የሚነግረን የለም። ከነዚህ መጋረጃዎች አንዱ፣ ሦስት ክፍሉ ተሰፍቶ የተገጠመው፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከአገር የወጣው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ድረስ በዘመቱበት ጊዜ፣ በዘመቻው በነበረ ሰው እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የኤልያስ ተዘዋዋሪ ትርኢት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከዞረባቸው ቤቶች አንዱም ይኸው የቶሮንቶ ሙዚየም ነበር። የምናለሽ ተራ ሽቦና የጎንደር ሐር በአንድ ጣሪያ ሥር ሰነበቱ። ትርኢቱ ጊዜው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወጣ፤ መጋረጃው አሁንም እዚያው ነው።