የመኪና ባትሪ ፍተሻ

የባትሪ ፍተሻ በሊድ አሲድ ባትሪ ውስጥ ያለውን ኃይልና የፈሳሹን ከፍታ እየለኩ የማስተካከል የጥገና ሥራ ነው። የባትሪው ፈልሳፊ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ ዘመኑም 1859 እ.ኤ.አ.። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይጠበቃል፤ ከዚህ ካነሰ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲናሞው ወይም የቺንጋው እንጂ የባትሪው አይደለም።

ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ፈሳሹ የእርሳስ ሰሌዳዎቹን በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧና የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለው ይጎዳዋል፤ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፣ የተለመደ ቢሆንም።

የአየር ጠባይም ባትሪውን ይነካል። ለምሳሌ ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አርጆ ደጋ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ ባትሪው የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። ወደ ደዴሳ ቆላ ሲወረድ ሙቀቱ የውሃውን መትነን ያፋጥናል፣ የባትሪውንም ዕድሜ ያሳጥራል። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ እሳት አይቀርበውም።