ስለ ባሕር ማዶ ሰዎች የተጸለየ ጸሎት፦ ታሪኩ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

ጎበሳ የአርሲ ዞን የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአርሲ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ከእርሷ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወረድ የዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ይገኛል፤ ከሸለቆው ማዶ ባሌ ነው። አገሩ የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው አብረው ይኖሩበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዚህ ደጋ ከብቱን ያሰማራ የነበረ ሰው፣ በሰሜን ጀርመን መንደር የሚኖሩ ገበሬዎች ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እንደሚጸልዩና ወደ እርሱም ለመድረስ መርከብ እንዳሠሩ ቢነገረው የሚያምን አይመስለኝም። እነርሱም እርሱን አላዩትም፤ ቋንቋውንም አልሰሙም። እንዲህ ያለ ጸሎት በታሪክ ምን ሠራ? ብለን ስንጠይቅ፣ ማስረጃው የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለሩቅ ሰው የተጸለየ ጸሎት ፍሬ ያፈራው የሚጸለይለት ሰው በስሙ ሲታወቅ፣ ከዚያም አልፎ ራሱ ተናጋሪ ሲሆን ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጸሎቱ የሚጸልየውን ሰው ሕልም እንጂ የሌላውን ኑሮ አይነካም።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። በውጭ አገር ላለ ክርስቲያን መጸለይ ሚስዮናውያን ይዘውልን የመጡት ልማድ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው መቶ ዘመን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ኖራለች፤ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1959 እ.ኤ.አ. አቡነ ባስልዮስ ሲሾሙ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በቅዳሴው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ስም ይነሣ ነበር፤ ሊጦን በተባለው የምልጃ ጸሎትም ለመንገደኞች፣ ለድውያን፣ ለዝናምና ለወንዞች ውኃ ይለመናል። አርሲ በ1880ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ በደጋው ላይ የተተከሉት አጥቢያዎችም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ በዚህ አገር የቆመ ቄስ፣ የሩቅ ባሕር ማዶ ወንድሙን ስም ሳያነሣ ቀድሶ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ጸሎት በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን የሚገልጽ መልእክት ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲደርሰው፣ ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ በተጉለትም በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ። በ1443 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለግብፁ ሱልጣን ለጃቅማቅ መልእክተኞች ልኮ ስለ ቅብጦች፣ ማለት ስለ ግብፅ ክርስቲያኖች፣ ጉዳይ ተከራከረ። በደብዳቤውም በግዛቱ ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እንደሚኖሩ አስታውሷል፤ የዓባይን ውኃ ነገርም አልተወውም። ዛሬ በየዓመቱ ግንቦት 21 ቀን የሚከበረው የደብረ ምጥማቅ በዓል ከዚያው ከግብፅ ገዳም ጋር የሚያስተሳስረን ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ መጀመሪያ ትክክለኛ ወሬ መጣ፣ ከወሬው ኀዘን፣ ከኀዘኑ ሕንፃ፣ ከዚያም በሌላው ስም የቀረበ አቤቱታ። ጸሎቱ ኃይል ያገኘው የሚጸለይላቸው ሰዎች ራሳቸው ችግራቸውን ጽፈው ስለላኩ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለባሕር ማዶ ሰው መጸለይ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ሥርዓት ተበጀለት። በጀርመን በሄርንሁት የሰፈሩት ሞራቪያውያን በ1727 እ.ኤ.አ. ሌትና ቀን በየተራ የሚጸለይ ጸሎት ጀመሩ፤ በ1750ዎቹም ሐኪማቸውን ሆከርን ወደ ካይሮ ልከው ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ፈለጉ፤ ሳይሳካ ቀረ። በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ በ1822 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካቶሊኮች የእምነት ማስፋፊያ ማኅበር፣ አባሉ በየቀኑ አጭር ጸሎት እንዲያደርስና በሳምንት አንዲት ሳንቲም እንዲያዋጣ አደረገ። ድሀዋ የፋብሪካ ሠራተኛ ሳትቀር የምትችለው ነበር። ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በሸዋ የኖረው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ብዛትና ስለ ወደፊት ተስፋው የጻፈው በጀርመን ሲነበብ፣ የሄርማንስቡርጉ ቄስ ሉድቪግ ሃርምስና ምእመናኑ ልባቸው ወደ ኦሮሞ አዘነበለ። በ1853 እ.ኤ.አ. በሐዋርያት ሥራ በተጠቀሰችው ንግሥት ስም ህንደኬ ተብላ የተሰየመች መርከብ ከነሚስዮናውያኑና ከነሰፋሪ ገበሬዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተላከች። በዛንዚባር ሱልጣን ግዛት በኩል ማለፍ ግን ስላልተፈቀደላቸው ተመልሰው በደቡብ አፍሪካ በናታል ሰፈሩ። ሄርማንስቡርጎች ወደ ኦሮሞ ምድር የገቡት ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ በወለጋ አይራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የምናየው ብርቱ ፍቅርና ደካማ ዕውቀት አንድ ላይ መሄዳቸውን ነው። ክራፕፍ ያየው የሸዋን ኦሮሞ እንጂ የአርሲን ደጋ አልነበረም። በሄርማንስቡርግ የተጸለየው ጸሎት የተሰነዘረው በካርታ ላይ ወደ ተጻፈ ስም ነበር። ታሪኩ የተለወጠው በሌላ ሰው ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በ1866 እ.ኤ.አ. ወደ ኦሮሞ ለመሄድ ብሎ ምጽዋ ሲደርስ መንገድ ተዘግቶበት በባሕሩ ዳርና በኤርትራ ምድር ቀረ፤ ብዙ ሠራተኞቹም በበሽታ ሞቱ። በዚያው በምጽዋ ግን በ1870 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነፃ የወጣ አንድ የኢሉባቦር ልጅ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በስዊድን ተማረ፤ ተመልሶም ራሷም ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። መጽሐፉ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ ታተመ፤ ኦኔሲሞስም በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገባ። በስዊድን መንደሮች ከ30 ዓመት በላይ የተጸለየለት ነገር የተፈጸመው ስዊድናዊው ሚስዮናዊ መንገድ ስላገኘ ሳይሆን፣ የተጸለየለት ሕዝብ ልጅ በራሱ ቋንቋ መናገር ስለጀመረ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከወላይታ ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ሠራተኞች በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አስተዳደር ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ወደ 50 የሚጠጉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ተቋረጠ። በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ያሉ ወዳጆቻቸው ግን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ መጸለያቸውን አላቋረጡም። ጣሊያን ተሸንፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በወላይታ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ይህን ሥራ የሠሩት እስራትና ግርፋት የቻሉ የወላይታ ገበሬዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊ ይቃወመኛል፦ ጸሎት የክስተት ምክንያት መሆኑ በምን ይረጋገጣል? ቤተ ክርስቲያኑ ያደገው በወላይታ ሰዎች ቆራጥነት፣ በጦርነቱ ምስቅልቅልና የዘመድ ትስስር በከፈተው መንገድ ነው ሊል ይችላል። ለተቃውሞው ዋጋ እሰጣለሁ። ታሪክ የሰማይን መልስ መመዝገብ አይችልም፤ የምጸልይ ሰው ሆኜም ይህን ለማረጋገጥ አልሞክርም። ነገር ግን ጸሎቱ በምድር ላይ የሠራው ሥራ በታሪክ ይታያል። ሰው የሚጸልይለትን ሰው አይረሳም። ከ1853ቱ ውድቀት በኋላ ሄርማንስቡርጎች ኦሮሞን አለመርሳታቸው፣ ስዊድኖችም ሠራተኞቻቸው በምጽዋ ከተቀበሩ በኋላ ተስፋ አለመቁረጣቸው የታሪክ ክስተት ነው፤ ምክንያትም ይፈልጋል። በየሳምንቱ ስሙ በጉባኤ የሚነሣ ሕዝብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የአውሮፓ ሚስዮን የአውሮፓን ኃይል ጥላ ተከትሎ የመጣ ነው፤ ለጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ልጆችም ሆነ ለአርሲ ሙስሊም በጨለማ እንዳለ ሰው መጸለይ ንቀት ነው ይባላል። እውነት አለው። ብዙ የሚስዮን ጽሑፎች የቆየውን ክርስትና በድን አድርገው አይተዋል፤ የሙስሊሞች መሳለሚያ የሆነውን የድሬ ሼህ ሁሴንን ተሳላሚ ጸሎትም እንደ ጸሎት አልቆጠሩትም። ክራፕፍም ከኃይል ፖለቲካ ራሱን አላራቀም። ዘርዐ ያዕቆብም ወንድሙን ሲከላከል የዓባይን ነገር ጣል ማድረጉን አይተናል፤ ጸሎት ከኃይል ጋር መቀላቀሉ የአውሮፓ ብቻ በሽታ አይደለም። ግን ታሪኩ ሁሉ ይህ ነው ማለት አይቻልም። በ1937 የተባረሩትን ሚስዮናውያን ያባረረው የአውሮፓ ቅኝ ገዥ ራሱ ነው። ኦኔሲሞስና አስቴርም የማንም ኃይል ጥላ አልነበሩም። ንቀት ጸሎቱን ያበላሸዋል እንጂ የጸሎት ተፈጥሮ አይደለም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን መተው ሳይሆን ሰሚ ማድረግ ነው።

የማይሰማ በጎ ፈቃድ ምን እንደሚያደርስ በአርሲ የአሰላ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። በሚስዮናውያን በኩል ስለ ኢትዮጵያ ለመቶ ዓመት ሲሰማ የኖረው የስዊድን ሕዝብ መንግሥት በኋላ ለኢትዮጵያ በሰጠው ርዳታ፣ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በአሰላ ተቋቋመ። ድርጅቱ ሚስዮን አልነበረም፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን እርሻው ትርፋማ ሲሆን የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ከመሬቱ አፈናቀሉ። ታስቦ የመጣው ለድሀው ገበሬ ነበር፤ የመሬት ሥሪቱን የማየት ዐይን ግን በወቅቱ አልነበረም ወይም አልተሰማም። በ1972 እ.ኤ.አ. ከእነዚሁ የስዊድንና የሄርማንስቡርግ ሚስዮኖች ሥራ ጋር የተያያዘችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ ከዚህ ችግር ጋር የሚዋሰን ነበር። ርዳታ ሰውን በሥጋና በነፍስ ከፍሎ ሊያየው እንደማይገባ፣ ሙሉ ሰው እንደ ሙሉ ሰው ሊታይ እንደሚገባ ነበር መልእክቱ። ይህም የተጸለየላት ቤተ ክርስቲያን ለሚጸልዩላት መልስ የሰጠችበት ጊዜ ነው። ቄስ ጉዲና በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ዘመን ተገደሉ፤ መልሳቸው ግን እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ክርስቲያናት ይጠናል።

ስለዚህ ዛሬ የጎበሳና የአሰላ አጥቢያዎች ለባሕር ማዶ ሲጸልዩ፣ ከታሪኩ የሚከተል ግዴታ አለባቸው። ከአርሲ ወደ ዓረብ አገሮች ሥራ ፍለጋ የሄዱ እኅቶችና ወንድሞች አሉ፤ በጥቅሉ ለስደተኞች ተብሎ ከሚጸለይ ጸሎት ይልቅ ከራሳቸው የመጣ መልእክት ተነብቦ፣ ያሉበት ሁኔታ ተሰምቶ፣ ሊደረግ የሚችለው ተደርጎ የሚጸለየው ጸሎት የዘርዐ ያዕቆብን መንገድ ይከተላል። በውጭ ያሉ ወዳጆችም ለአርሲ ሲጸልዩ የሚጸልዩለትን ዝርዝር ከአርሲ ሰዎች ይቀበሉ፤ ሙስሊሙን ጎረቤት እንደ ዒላማ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይዩት፤ ጥንታዊቷን ቤተ ክርስቲያንም እኅት ብለው ይጥሯት። የሚጸለይለት ሰው መናገር ከቻለ፣ ጸሎቱ የሁለት ወገን ይሆናል፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው የክርስቲያኖች አንድነት የሚባለው ነገር ከቃል ወደ ሥራ የሚመጣው።