የፕሮሰሰር ፍተሻ

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ፍጥነቱና አስተማማኝነቱ የሚረጋገጥበት የምርት ደረጃ ነው። ፕሮሰሰር የሚሆኑት ቺፖች ገና ሳይቆራረጡ፣ ዋፈር በሚባለው ባለ 300 ሚሊሜትር ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ እንዳሉ፣ እጅግ ቀጫጭን መርፌዎች የእያንዳንዱን የብረት ነጥቦች ነክተው ኤሌክትሪክ ይሰዱበታል፤ የማይሠራው ተለይቶ ይመዘገባል። ከታሸጉ በኋላም ከተለመደው ከፍ ባለ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚፈተኑ አሉ፤ ደካማው በገዢው እጅ ሳይሆን እዚያው እንዲበላሽ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ምደባው ነው። የአንድ ዋፈር ቺፖች የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው ይለያያል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሳይሳሳት የሠራው በውድ፣ ያልቻለው ዝቅ ባለ ፍጥነት ተሰይሞ በርካሽ ይሸጣል። ከፊል ጉድለት ያለበትም ሁልጊዜ አይጣልም። በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 3 የተባለው የጨዋታ መሣሪያ የሚጠቀምበት ሴል ፕሮሰሰር 8 ረዳት ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) ተሠርተውለት አንዱ ሆን ተብሎ ይዘጋ ነበር፤ አንድ ኮር የተበላሸበት ቺፕ በዚህ መላ ከመጣል ድኗል።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ግን የንድፍ ስህተትን ላይዝ ይችላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ የማካፈል ስሌቶችን ሲሳሳት ተገኘ፤ ጉድለቱ ንድፉ ውስጥ ነበር። ኩባንያው ለዚሁ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል።