ከነፋስ ስልክ እስከ “አር”፤ የአገናኝ ፕሮግራሞች አጭር ታሪክ

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ዛሬ ከጎፋ፣ ከመካኒሳ፣ ከለቡና ከጀሞ ሰፈሮች ጋር አብሮ የሚነሣ፣ ላፍቶ ከሚለው ስም ጋር ተጣምሮም በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኝ ክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆነ ስም ነው። ቃሉ ሲመረመር ግን ከቦታ ስምነቱ በፊት የቴክኒክ ቃል ሆኖ ይገኛል። ሽቦ አልባው የራዲዮ መገናኛ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ አዲሱን ነገር ቀድሞ ከሚያውቀው ስልክ ጋር አዛምዶ “የነፋስ ስልክ” አለው፤ ስሙም በስፍራው ላይ ጸንቶ ቀረ።

ስልክ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በዚያን ጊዜ ደዋዩ የሽቦውን አካሄድ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። የሚፈልገውን ሰው ስም ለማዕከሉ ሠራተኛ ይናገራል፤ ሠራተኛውም ሽቦውን ከሽቦ ያገናኛል። የአገናኙ ሥራ እንዲህ ቀላል ቢመስልም የመልእክቱ እውነተኛነት በእርሱ እጅ ላይ የወደቀ ነበር። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ታሪክም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም በነበረው በቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ጆን ቼምበርስና የሥራ ባልደረቦቹ “ኤስ” የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመሩ። ላቦራቶሪው በፎርትራን የተጻፉ አያሌ የስሌት ፕሮግራሞች ነበሩት። ችግሩ የስሌቱ እጦት ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የፎርትራን ፕሮግራም ጽፎ ስሌቱን መጥራት አድካሚ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ኤስ ከመነሻው የታሰበው በእነዚህ ስሌቶች ላይ የሚለበስ መጠቅለያ፣ ማለትም በተጠቃሚውና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አገናኝ ሆኖ ነው።

የኤስን መንገድ ተከትለው በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን “አር”ን ሠሩ። አር እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕዝብ ታወቀ፤ በ1995 በነፃ የሶፍትዌር ፈቃድ ተለቀቀ። በ1997 ክራን የተባለው የፓኬጆች ማከማቻ ከቪየና ሥራውን ጀመረ፤ የመጀመሪያው የተሟላ እትምም ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ወጣ። ፓኬጅ ማለት በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ትእዛዞችን ከነማብራሪያቸው አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ነው። በክራን አማካይነት በአንድ አገር የተጻፈ ጥቅል በሌላው አገር ያለ ክፍያ ይደርሳል።

በዚሁ በ2000 ሮይ ፊልዲንግ በዶክትሬት ጽሑፉ የድር አገልግሎቶች የሚመሩበትን ሥርዓት ተነተነ። ከዚያ ወዲህ ኤ.ፒ.አይ. የሚባለው ነገር እየተስፋፋ መጣ፤ ይህም አንድ ድርጅት የመረጃ ግምጃ ቤቱን ለሰው ዓይን ሳይሆን ለሌላ ፕሮግራም የሚከፍትበት በር ነው። ከእነዚህ በሮች አንዱ ከ1981 ጀምሮ ያለውን የዕለት ዝናብና ሙቀት ለማንኛውም የምድር ነጥብ የሚሰጠው የናሳ የፓወር ፕሮጀክት ነው። አዳም ስፓርክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ “ናሳፓወር” ፓኬጅ ባሳተመው ጽሑፍ ይህ በር ለአር ተጠቃሚዎች እንዴት እንደ ተከፈተ ገልጿል።

እንዲህ ያለ ትንሽ ፓኬጅ ሥራው አራት ነው። በመጀመሪያ የተጠቃሚውን ጥያቄ ይመረምራል፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ተዛውሮ እንደ ሆነ ይህን ለማየት ይሞክራል። ሁለተኛ ጥያቄውን አገልጋዩ በሚያውቀው አድራሻ ይጽፋል። ሦስተኛ መልሱን ተቀብሎ መስመሩ ተቋርጦ ወይም አገልጋዩ እንቢ ብሎ እንደ ሆነ በግልጽ ይናገራል፤ የክራን ደንብም ይህንኑ ያዛል። አራተኛ መልሱን ለስሌት በሚመች ሠንጠረዥ ያቀርባል። በመቶ መስመር ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።

አደጋውም ያለው በዚሁ ማነስ ውስጥ ነው። የፓወር አገልግሎት መረጃ የሌለበትን ቀን የሚያመለክተው ከዜሮ በታች 999 በሚል ቁጥር ነው። መጠቅለያው ይህን ምልክት ወደ “ያልተገኘ” ሳይለውጥ ቢያሳልፈው ኮምፒዩተሩ እንደ እውነተኛ ዝናብ ይደምረዋል። ለምሳሌ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚጥልበት ስፍራ በ30 ዓመት ውስጥ ዐሥር ቀን ብቻ ቢጎድል፣ ከድምሩ 9990 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፤ ዓመታዊው አማካይም ወደ 867 ይወርዳል። ቁጥሩ ለዓይን የማይጎረብጥ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። በዚህ ቁጥር የታቀደ የውኃ ማጠራቀሚያ ግን ከመነሻው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከኮዱ ሳይሆን ከመረጃው የሚመጣ ነው። የፓወር ዝናብ የሚሰጠው በኬክሮስ ግማሽ ዲግሪ፣ በኬንትሮስ 0.625 ዲግሪ በሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ይህም በእኛ አካባቢ 55 በ68 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከእነዚህ ማዕዘኖች የአንዱ መካከል 9 ዲግሪ ሰሜንና 38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ማለትም በአዲስ አበባ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ያለው እንጦጦና እጅግ ዝቅ ብሎ የተኛው የአቃቂ ሜዳ አንድ ዓይነት የዝናብ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ላፍቶ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ብርቱ ዶፍ በማዕዘኑ አማካይ ውስጥ ይለዝባል። በዚያ አማካይ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተነደፈ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሊጠብብ ይችላል። መጠቅለያው የተጠየቀውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚወክለውን የስፍራ ስፋት አብሮ ካልጻፈ፣ ተጠቃሚው የሰፈሩን ዝናብ ያገኘ ይመስለዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። አገልጋዩ የሚመልሰው በጎርጎርዮስ ቀን ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ግን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ በእነርሱ ጁላይ 8 ነው። ከዓመቱ ቁጥር ላይ 8 ቀንሶ ማለፍ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን ዝናብ በተሳሳተ ዓመት ላይ ያስመዘግባል። የሚሻለው መንገድ የመጀመሪያውን ቀን ሳይነኩ የኢትዮጵያን ቀን በሌላ ዓምድ መጨመር ነው።

ለሁለተኛው አደጋ ከአገራችን የተገኘ መልስ አለ። ኢትዮጵያዊው የአየር ንብረት ሊቅ ዶክተር ቱፋ ዲንቁና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተመዘገበውን ዝናብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደው የረጅም ዘመን ተከታታይ መረጃ የሚገኝበትን መንገድ አሳዩ። ለዚህ ዓይነት ሥራ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና በአያሌ የአፍሪካ አገሮች የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች የገባው ሲዲቲ የተባለ መሣሪያም በአር የተጻፈ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ቁጥር በቅርብ ባለው የዝናብ መለኪያ መፈተን አለበት።

ከሐረር መስመር እስከ ድሩ በር ድረስ አገናኙ ሁልጊዜ ድካምን ሲያቀል ኖሯል። ይሁን እንጂ ድካሙን ሲያቀል ኃላፊነቱን አልወሰደም። የማዕከሉ ሠራተኛ መስመሩ መበላሸቱን ለደዋዩ ይነግር እንደ ነበረ፣ ጥሩ መጠቅለያም የጎደለውን ጎደለ፣ ሰፊውን ሰፊ ነው ብሎ ይናገራል። በቦዩ ንድፍ ላይ የሚፈርመው ግን መሐንዲሱ ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት ጥቅሉን ፈትቶ ማየት የእርሱ ግዴታ ነው።