ሙሾው ደም እንዳያወርስ፦ ከደብረ ታቦር ታሪክ እስከ እጅ ስልካችን



በሐሙሲት፣ በወረታና በደብረ ታቦር ሰው ሲሞት ለቅሶው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይሰበሰባል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ይደርሳል። ሙሾ አውራጇም የሟቹን ስም፣ ዘሩንና ሙያውን እየጠራች ታስለቅሳለች። ሟቹ ጦረኛ ከሆነ በቀድሞው ዘመን ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ ለቅሶው ላይ ይወጣ ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አልፎ ተርፎም ፎቶግራፎቹና ድምፁ ተቀናብረው የጥቂት ደቂቃዎች ፊልም ይሆናሉ። ፊልሙ በመታሰቢያው ዕለት ይታያል፤ በስልክም ባሕር ማዶ ላሉት ልጆች ይደርሳል።

እኛ ወንጌላውያን ድኅነት በክርስቶስ ብቻ ነው ብለን ስለምናምን ተዝካር አናወጣም። ይህ ማለት ግን የሞቱብንን አናስብም ማለት አይደለም። ስለዚህ እነዚህ አጫጭር ፊልሞች በእኛም መካከል ቦታ እያገኙ ነው። ፊልሞቹን ስናይ አንድ ጥያቄ ይነሣብናል። ይህን እያዩ የሚያድጉት ልጆች ከሟቹ የሚወርሱት ምንድን ነው? ፍቅሩን ነው ወይስ ደሙን? ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የደብረ ታቦር ታሪክም ይመሰክራል።

ደብረ ታቦር ከአፄ ቴዎድሮስ ዋና ዋና መቀመጫዎች አንዷ ነበረች። በአጠገቧ ባለችው ጋፋት ደግሞ በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ያስመጧቸው፣ በስዊዘርላንድ በክሪሾና የተማሩ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ይኖሩ ነበር። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡት እነዚህ ሰዎች በኋላ በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሠሪ ሆኑ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ የተሠራው በእነርሱ እጅ ነው።

ንጉሡ እጅግ የሚወዷቸው ሁለት እንግሊዛውያን ወዳጆች ነበሯቸው፤ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን ከጎንደር ወደ ምጽዋ ሊመለስ ሲነሣ በዐመፀኞች እጅ ወድቆ ቆሰለ። ገንዘብ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ሕይወቱ አልተረፈም። ከወራት በኋላ ቤልም ከንጉሡ ጎን ሆኖ እነዚያኑ ዐመፀኞች ሲወጋ ሞተ። ከጋፋት ሚስዮናውያን አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የቤልን ልጅ ያገባ ስለነበር መርዶው ለእነዚያ ቤቶችም ሩቅ አልነበረም።

ንጉሡ ስለ ወዳጆቻቸው አዘኑ። ኀዘናቸው ግን በእንባ አላበቃም፤ የተማረኩትን ዐመፀኞች በብዛት አስገደሉ። እስቲ እናስተውል፤ የፕላውደንንና የቤልን ስም ታሪክ ይዞታል። ለእነርሱ ደም ተብለው የተገደሉት ግን የሚታወሱት በጅምላ ነው። እነርሱም እናት ነበራቸው፤ በየቤታቸውም ለቅሶ ተቀምጧል። አንዱ ኀዘን ሌላ ኀዘን ወለደ።

አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ያኔ ከአስከሬናቸው ተቆርጦ የተወሰደው ፀጉር ለንደን በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከ150 ዓመት በኋላ የጥቂት ዘለላ ፀጉር መመለስ የስንቱን ልብ እንደነካ እናስታውሳለን። ሰው ሙቱን ማክበር ይፈልጋል፤ ይህም ክፉ ፍላጎት አይደለም። የሚያሳስበው አከባበሩ ነው።

በደጋው አገራችን ደም መላሽ የሚጠራ ሙሾ አለ። ሕፃኑ ልጅ በለቅሶው ሜዳ ቆሞ ይሰማዋል፤ አባቱን ከማወቁ በፊት የአባቱን ጠላት ያውቃል። ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ዓመታት ይደክማሉ፤ አንድ ግጥም ግን በአንድ ቀን ያረጥበዋል። ዛሬ ያ ግጥም በፊልም ሲቀረጽ እንደ ድንኳኑ አይፈርስም። በተጫነ ቁጥር ያው ለቅሶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ዓይነት ሙሾ ያሳየናል። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሙሾ አወረደ፤ የይሁዳ ልጆችም እንዲማሩት አዘዘ። ሳኦል በዋሻና በምድረ በዳ ያሳደደው ሰው ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሙሾ ውስጥ ስለተወረወረው ጦርና ስለ ስደቱ አንድም ቃል የለም። ልጆቹ የተማሩት ኀዘንን እንጂ ቂምን አልነበረም። በምዕራፍ 3 ደግሞ ኢዮአብ ለወንድሙ ለአሣሄል ደም ብሎ አበኔርን ሲገድል ዳዊት የአበኔርን ቃሬዛ ተከትሎ ሄደ፤ በመቃብሩም ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ኢዮአብንም ማቅ ለብሶ እንዲያለቅስ አዘዘው። ገዳዩን በሟቹ ለቅሶ ላይ አቆመው!

በአገራችን ቤተ ክርስቲያንም ይህ ተፈትኗል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አስከሬኑ ተገኝቶ ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። 13 ዓመት ያህል የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበረም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን እኚህን አገልጋይ የምታስበው ስለ እምነታቸውና ስለ ትምህርታቸው እየተናገረች ነው።

እንግዲህ የመታሰቢያ ፊልም የምታዘጋጁ ወገኖች፣ የምንመክራችሁ ጥቂት ነው። አሟሟቱን ሳይሆን አኗኗሩን አሳዩ። የቆሰለ ገላ አታሳዩ፤ እናቱ ደጋግማ ታየዋለችና። ያልነበረውን ሰው አትፍጠሩ፤ በምሕረት የኖረ ኃጢአተኛ መሆኑ ለጌታ ክብር ነው። የገዳዩን ዘር አትጥሩ። የሚያለቅስም ካለ «አማኝ አያለቅስም» ብላችሁ አታስቁሙት፤ ጌታ ኢየሱስ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷልና። ፊልሙ ሲያበቃም የሟቹን ልጆች ማን እንደሚያስተምር ተነጋገሩ፤ ሟች በዚህም ይከበራል።

የአቤል ደም ከምድር እንደጮኸ ዕብራውያን ምዕራፍ 12 ያስታውሰናል፤ ከእርሱ የሚሻል የሚናገር ደም እንዳለም ይነግረናል። በዚያ ደም የታረቀ ሰው አባቱን ሲያስብ ልጁን ለበቀል አያዘጋጅም።

ኀዘን የጎበኛችሁን ሁሉ የመጽናናት አምላክ ያጽናናችሁ። አሜን።