ከማሻ እስከ አማኑኤል
(ስለ አእምሮ ጤንነት በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)

ሰው እግሩ ቢወልቅ ወጌሻ ያስጠራል፤ ወባ ቢይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ነገር ግን እንቅልፍ ቢያጣ፣ ኀዘን ቢጠናበት፣ ከሰው ጋራ መዋል ቢያስጠላው ሕመሙን ለራሱ ይዞ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ታሪኩን ከማሻ እንጀምር።

ማሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ደን አገር የምትገኝ፣ ዝናብ የሚበዛባት፣ አካባቢዋ በማርና በእንሰት የታወቀ ከተማ ናት። አገሩ ሞቻ ተብሎ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ይተዳደር በነበረበት ዘመን፣ አእምሮው የታወከ ሰው ሲገኝ ቤተ ዘመዱ የሚያደርገው እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ነበር፤ ወደ ጸበል ወይም ወደ አዋቂ ይወስደዋል፤ የባሰበት እንደ ሆነም አስሮ ይጠብቀዋል። ይህንም ማድረጉ ፍቅር ስለ ጐደለው ሳይሆን ሌላ መላ ስላልነበረው ነው።

ሌላው መላ የሚገኘው በአዲስ አበባ ብቻ ነበርና። በ1930 ዓ.ም.፣ በጠላት ወረራ ጊዜ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቈየ። ከማሻ ለሚነሣ በሽተኛ ጭቃውን፣ ስንቁንና የአስታማሚውን ወጪ ማሰብ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚጀምሩት ሕመሙ እጅግ ከጠና በኋላ ስለ ነበር፣ የሆስፒታሉ ስም በሕዝብ አፍ ለስድብ ዋለ። እንግዲህ የዝምታው አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ ሕክምናው ሩቅ ሆነ፤ ሩቅ የሆነውም አስፈሪ ሆነ።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም ዕውቀቱ ይራመድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኀኒት ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ሲጀምር፣ ብዙዎች ከቤታቸው ሆነው መታከም እንደሚችሉ ታየ። በ1960ዎቹም ሮበርት ጊል የተባሉ ሆላንዳዊ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋራ በኢትዮጵያ አንዲት ትንሽ ከተማንና በደቡብ ምዕራብ የሚገኝ አንድ የገጠር መንደርን መርምረው፣ የአእምሮ ሕመም በከተማ ሰው ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን አሳዩ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ጥረት ሁሉ ርቀቱን ለማሳጠር ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሠልጥነው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ይላኩ ጀመር። በ1990ዎቹ በቡታጅራ በተደረገው ጥናት ከስድሳ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በተጠየቀ ጊዜ፣ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተያዙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂም ይህ ሕክምና በጤና ጣቢያ ከሌላው ሕክምና ጋራ እንዲሰጥ አሰበ።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ መንገዱ ቢያጥርም እኛ በልባችን የያዝነው ርቀት ገና አላጠረም። ከዘመድ ተለይቶ ወደ ማሻ የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ዝናቡ አያባራም፤ ሌሊቱ ይረዝምበታል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ቀድሞ ደስ ያሰኘው ሥራ ይከብደዋል። አለቃው «ሰንፏል» ይላል፤ እርሱም ነገሩ በግል ማኅደሩ እንዳይገባበት ፈርቶ ይደብቃል፤ ወይም በአረቄ ሊያስረሳው ይሞክራል። አረቄው ግን እንቅልፉን ይብስ ያውክበታል፤ ሐሳቡንም ያከብድበታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር በእርስዎ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ከዘለቀ፣ ራስዎን ሳይወቅሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይቈዩ፤ ለሚያምኑት ሰው ወዲያው ይንገሩ። ጸበል የሚጠመቁ ቢሆን ሐኪም ያዘዘውን መድኀኒት ያለ ምክር አያቋርጡ። የእንቅልፍን ሰዓት መጠበቅ፣ በእግር መሄድ፣ ከጎረቤት ጋራ ቡና መጠጣትም ለጤና ይረዳል። አለቃ ከሆኑም፣ ፀባዩ የተለወጠውን ሠራተኛ ከመቅጣትዎ በፊት «ደኅና ነህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ብለዋል። የቀድሞው በሽተኛ የደበቀው ሐኪሙ ስለ ራቀበት ነበር፤ እኛ ግን ሐኪሙ ወደ ደጃችን በቀረበ ጊዜ ብንደብቀው ምክንያታችን ምን ይሆናል?