የገጠር ሠርግና የፎቶግራፍ ምስክርነት

በአገራችን ልማድ የሠርግ ምስክሩ ሰው ነው። ሽማግሌ ያስማማል፥ ሚዜ ያጅባል፥ ጎረቤትም ከዳሱ ገብቶ በልቶና ጠጥቶ ይመሰክራል። ወረቀት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና። ከዚያ በፊት በገጠር ከተጋቡት መካከል ለብዙዎቹ፥ ከሰው ቃል ሌላ የቀረ መታሰቢያ ቢኖር አንዲት ፎቶግራፍ ናት። ይህች ፎቶግራፍ ከገበሬው ቤት እስክትደርስ የሄደችበት መንገድ ግን ረጅም ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ተንታ ያደርሳል፤ በዚያም መቅደላ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያች አምባ ላይ በሞቱ ጊዜ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ተግባራቸውም ካርታና ንድፍ ማባዛት፥ የዘመቻውንም ስፍራ በሥዕል ማስቀረት ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አባትና እናቱን አጥቶ እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ፥ በዚያው ዓመት ክረምት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ሴት አነሣችው። ያን ሥዕል የሚያይ ሁሉ የልጁን ሐዘን ያነባል፤ ልጁ ግን ልነሣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንግዲህ በዚህ አውራጃ ካሜራ ከጦር ጋር መጣ፤ የያዘውም ባለቤቱ ሳይሆን እንግዳው ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ተላለፈ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው መኳንንትና ባለጸጋ ነበር። ቀጥሎ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት፥ ሙሽሮች በተሳለ መጋረጃ ፊት ቆመው መነሣት ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ሙሽሮች ወደ ፎቶ ቤት ሲሄዱ ሠርጉ ከኋላቸው ይቀራል። ዳሱ፥ በቅሎው፥ ጭፈራው፥ የመራቂዎቹ ሽማግሌዎች እጅ ከተማ አይገባም። ይህን ያስቀረው ካሜራ ይዞ ወደ ገጠር የወረደው ጓደኛ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 12 ወይም 36 ሥዕል ብቻ ስለሚይዝ፥ ማንን ማንሣት እንደሚገባ ማወቅ ነበረበት። እንግዳ ቢሆን ሙሽሪትንና ሙሽራውን አንሥቶ ይመለስ ነበር፤ ጓደኛ ግን በጓዳ ወጥ ስትሠራ የዋለችውን አክስት፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣውንም አጎት ያውቃል። በወሎም ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ እርዱ ለየብቻ ተሰናድቶ፥ ሁሉም በአንድ ሠርግ ሲደሰት የሚያሳየው እንዲህ ያለው ሥዕል ነው።

ይህ ሁሉ ግን በቀላሉ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ለሙዚየም ዕቃ ቢያንስ መዝገብ አለው፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ለተወው አልበም ግን መዝገብ የለውም። ዛሬ ደግሞ በስልክ በአንድ ቀን በመቶ የሚቈጠር ሥዕል ይነሣል፤ ነገር ግን ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ሠርጉ አብሮ ይሄዳል። ታትሞ የተቀመጠውም ቢሆን ስም ስላልተጻፈበት፥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ የማን እንደ ሆነ የሚናገር አይገኝም።

ስለዚህ የጓደኛውን ሠርግ የሚያነሣ ሁሉ ከሥዕሎቹ ጥቂቱን ያሳትም፤ በጀርባውም የሰዎቹን ስም፥ ቀበሌውንና ቀኑን ይጻፍ። መምህራንም ተማሪዎቻቸው ከየቤታቸው አንዲት የሠርግ ፎቶግራፍ በባለቤቱ ፈቃድ ገልብጠው፥ አያቶቻቸውን ጠይቀው የእያንዳንዱን ሰው ስም እንዲያስመዘግቡ ቢያደርጉ መልካም ነው። በመቅደላ የተነሡትን ሥዕሎች ሌሎች ጠብቀውልናል፤ የሠርጋችንን ግን ከእኛ በቀር የሚጠብቅልን የለም።